አየር የምትቆርጠው ማሽን

አባቴን የሥራ ጓደኞቹ «ሚሊሜትር» ነበር የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ሊያሾፉበት ነው፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብሎት አረፈ። በአንድ የመለዋወጫ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሚሊንግ ማሽን ላይ ቆሞ ብረት ሲቆርጥ ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ሌላው ሰው የምስጋና ወረቀቱን አቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ የእኔ አባት ማሽኑን ይዞ መጣ። ቀልዴን አይደለም። ፋብሪካው አሮጌዎቹን ሊጥል መሆኑን ሲሰማ ደጅ ጠንቶ፣ ለምኖ፣ አስለምኖ፣ ዕድሜውን የጨረሰባትን ማሽን በጭነት መኪና አስጭኖ አመጣት።

ላላያት ሰው፣ ቁመቷ ከሰው ትንሽ የምትበልጥ የብረት ጓዝ ናት። ከላይ የሚሽከረከር መቁረጫ አላት፤ ከሥር ደግሞ በእጅ መዘውር ወዲህና ወዲያ የሚሄድ ጠረጴዛ። ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ባለው ሞርሳ ተጠርቅሞ ይታሰራል፣ ጠረጴዛው ይሄዳል፣ መቁረጫው እየላጠ ይወስዳል። በቃ ይኸው ነው። አባቴ ግን ይህንኑ ለሰው ሲያስረዳ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

ያስቀመጣት ከመኝታ ቤታቸው ጋር አንድ ግድግዳ በሚጋራው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። በበሩ አልገባ ስትለው ማንንም ሳያማክር በጓሮ በኩል ያለውን ግድግዳ አፈረሰ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። መርፌ አፏ ውስጥ እንደያዘች ወጥታ ፍርስራሹን አየች፣ ማሽኗን አየች፣ ባሏን አየች።

«ለስፌት መኪናዬ አንዲት መስኮት ክፈትልኝ ስልህ ሃያ ዓመት ፈጀብህ» አለችው። «ለእሷ ግን ግድግዳ አፈረስክ። ጣውንት አመጣህብኝ በለኛ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሽኗ ስም «ጣውንቴ» ሆኖ ቀረ። «ጣውንቴ ዛሬ አኩርፋለች መሰለኝ፣ ድምጿ የለም»፣ «ከጣውንቴ ጋር ስትውል ምሳህ ቀዘቀዘ» ስትል እንግዳ ሰው ከሰማ ይደነግጣል። አባቴ ደግሞ ደስ ይለዋል።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ከሱቅ የተገዛ እጀታ አልተረፈም። የድስት ክዳን እጀታ ሲወልቅ ከነሐስ ሠራ። የቧንቧው መዝጊያ፣ የቁም ሳጥኑ መያዣ፣ የመጋረጃው ዘንግ ጫፍ፣ ሁሉም ተራ በተራ ማሽኗ ላይ ወጡ። ለእናቴ መዳፍ የምታህል፣ ጠርዟ ሁሉ የለሰለሰ የነሐስ ክብደት ሠራላት፤ ጨርቅ ስትቆርጥ እንዳይንሸራተትባት የምትጭነው። «ከሠራኸው ሁሉ የረባችው እሷ ብቻ ናት» ትለው ነበር፤ ግን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። አንድ ብሎን ይዞ የመጣ ጎረቤት ስለ ብሎኑ ልክ ግማሽ ሰዓት ተነግሮት ይሄዳል።

ባልና ሚስት በብዙ ነገር ይጣላሉ፤ የእኔዎቹ የሚጣሉት በልክ ነበር። እናቴ የምትሰፋው ልብስ ሁሉ ውስጥ ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ አጥፋ ትተዋለች። «የሰው ገላ ይከሳል፣ ይወፍራል። ትርፍ ካልተውክለት ልብሱን ነገ ጣለው ማለትህ ነው» ትላለች። አባቴ ይህን ሲሰማ ያመዋል። ለእሱ ትርፍ ማለት የስህተት ሌላ ስሙ ነው። እሱ የሚሠራው በሚሊሜትር መቶኛ ነው፤ ሁለት ብረት ሲገጥም በመሀላቸው ፀጉር ካለፈ እንቅልፍ አይወስደውም።

አንድ ልማድም ነበረው። ብረቱን ሞርሳው ላይ ካሰረ በኋላ ወዲያው አይቆርጥም። መቁረጫውን ከብረቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ ማሽኗን ያስነሳና የሚቆርጠውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር በባዶው ያስኬዳታል። «አየር መቁረጥ» ይለዋል። የተሳሳተ ነገር ካለ ብረቱ ሳይበላሽ አየር ላይ ይታወቃል። ከዚያ ነው ዝቅ አድርጎ የሚጀምረው።

እናቴ ከግድግዳው ወዲያ ሆና የሁለቱን ድምፅ ትለይ ነበር። አየር ስትቆርጥ ማሽኗ ታንጎራጉራለች፤ ብረት ስትነካ ታጉረመርማለች። ልጠይቃቸው በመጣሁ ቁጥር ምሳ ላቀርብ ስነሳ እናቴ ጆሮዋን ቀና አድርጋ «ተይው፣ ገና አየር እየቆረጠ ነው፤ አሁን ሊጀምር ነው፣ ብትጠሪውም አይመጣም» ትለኛለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ለእኔ ግን ሁሉም ያው ጩኸት ነው። ዛሬም ቢሆን አልለየውም፤ ያኔ ለይቼው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ ነበር።

በሽታው የጀመራት ከመቀሱ ነው። አንድ ቀን ለሙሽራ የሚሆን ጨርቅ እየቆረጠች መቀሱ ከእጇ ወደቀ። አነሳችው። ደግሞ ወደቀ። ሳቀችና «ዛሬ እጄ ከእኔ ጋር ተጣልቷል» አለች። በወሩ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት፤ በሦስተኛው ወር ቁልፍ መቆለፍ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ወንበሩን ወደ እነሱ ጎትቶ ቀስ ብሎ ነገራቸው። የነርቭ በሽታ ነው፤ ጡንቻዎቿ ቀስ በቀስ ይደክማሉ፤ መድኃኒቱ ትንሽ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።

አባቴ የደረት ኪሱ ውስጥ ያለችውን ማስታወሻ አወጣ።

«በወር ስንት ይሄዳል?» አለው።

«ምኑ?»

«ድክመቱ። በወር ስንት ነው?»

ሐኪሙ ከኋላቸው የቆምኩትን እኔን አየኝ። «እሱ እንኳ አይለካም አባባ» አለው። አባቴ እርሳሱን እንደያዘ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ የማይለካ ነገር ፊት ቆሞ አያውቅማ።

እኔ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ትዳር የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ እግዜር አብዝቶ የሰጠኝ ምላስ ብቻ ነው። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሞላሁና ወደ ወላጆቼ ቤት ተመለስኩ።

እናቴ ሁሉንም ነገር ቻለች። ማልበሱን ቻለች፣ ማጠቡን ቻለች፣ ሌላም ሌላም። አንድ ነገር ላይ ግን ፍንክች አልል አለች፤ በሰው እጅ አልበላም አለች። የገዛ እናቷን አራት ዓመት በማንኪያ ስታበላ ኖራለች። «እኔ እናቴን በምን ዓይን እንዳየኋት አውቃለሁ» አለችኝ። «መውደድ ነበር፣ ግን ሌላም ነገር ነበረበት። በዚያ ዓይን እንድታዪኝ አልፈልግም።» ማንኪያ ይዤ ስጠጋት ከንፈሯን ትገጥማለች። በሁለት እጇ ጎድጓዳ ሳህኑን አቅፋ የቻለችውን ትጎነጫለች፤ ግማሹ ደረቷ ላይ ይፈስሳል፤ ያን ቀን ሌላ አትበላም። በየሳምንቱ ትቀልላለች። ሳነሳት በእጄ አውቀዋለሁ።

አባቴ ካሊብሮውን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ካሊብሮ ያቺ ብረት የሚለኩባት ሁለት መንጋጋ ያላት መሣሪያ ናት። የእናቴን እጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጣቷን አንድ በአንድ ለካ፤ ውፍረቱን፣ በመሀል ያለውን ክፍተት፣ መዳፏ ሲታጠፍ የሚፈጥረውን ጎድጓዳ።

«ቀዝቃዛ ነው» አለችው።

«ትንሽ ቻዪው።»

«በጋብቻችን ቀን እንኳ እንዲህ አጥብቀህ አልያዝከኝም።» ከዚያ ደግሞ «ትርፍ ተው እንግዲህ» አለችው።

«ተይ እስቲ፣ እጅ እኮ ነው፤ ጨርቅ አይደለም» አለ።

በራሷ እጅ የምትበላበትን የማንኪያ እጀታ ሊሠራ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። እኔ አንድ ሳምንት ሲሞላ መነጫነጭ ጀምሬ ነበር። የመጀመሪያው አንድ ጭረት ወጣበት ብሎ ጣለው፤ የትኛው ጭረት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላየሁትም። ሁለተኛው ጠርዙ ሻከረ አለ። «አባዬ፣ ሰው እየተራበ ነው፣ ስጣት!» ስለው «ሻካራ ሥራ ከእጄ አይወጣም» ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በመጨረሻ ይዞት መጣ። እውነት ለመናገር ዕፁብ ነበር። የጣት ማረፊያዎቹ ተጎድጉደው፣ ማንኪያው ጫፉ ላይ ተገጥሞ፣ ነሐሱ እንደ ቅቤ ለስልሶ።

እጇ ላይ ሊያስይዛት ሞከረ። ጣቶቿ ጎድጓዳዎቹ ውስጥ ገቡ፤ ግን አልጨበጡም። ልክክ ብሎ የሚገጥመው ከሦስት ሳምንት በፊት ለነበረው እጅ ነበር። ሌላ ሠራተኛ ቢሆን፣ አናጢ እንኳ ቢሆን፣ ነገ የሚደክም እጅ ነው ብሎ ቀበቶ ነገር፣ ማጥበቂያ ነገር ይጨምርበት ነበር። የእኔ አባት የሕያው ሰው እጅ በመቶኛ ሚሊሜትር ለክቶ ሠራ። እናቴ ማንኪያው ብርድ ልብሱ ላይ ሲወድቅ አየችውና «ለሚቀጥለው ደንበኛ ይሆንሃል» አለችው። እሱ አልሳቀም።

ሁለተኛውን ከአሉሚኒየም ሠራው፤ እንዲቀል። የእጅ አንጓዋ ላይ በቆዳ ማሰሪያ የሚታሰር፣ መጨበጥ የማይጠይቅ። በዘጠኝ ቀን ጨረሰው፤ ለእሱ ይህ ሩጫ ነው። እሱስ ሠራ! እናቴ ክንዷን ወደ አፏ አነሳች፣ ሾርባውን ጠጣች፣ ደግማ አነሳች። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ሲጠርግ ጨርቁን ጨረሰው። ስድስት ቀን በራሷ እጅ በላች። በሰባተኛው ቀን ክንዷ ከጠረጴዛው አልነሳ አለ።

ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የብረት ክንድ ነው። በአንድ ጫፉ ማንኪያና ያው የቆዳ ማሰሪያ፣ በሌላው ጫፉ ያቺ የጨርቅ መያዣ ነሐስ ተሰቅላበት፤ ክብደቷ ማንኪያውን ወደ ላይ እንድታግዘው። እናቴ ነሐሷን ስታያት ዓይኗ እንባ ሞላ። በዚያን ቀን አባቴ ተመልሶ ወደ ማሽኑ ሲሄድ በዓይኗ ጠራችኝ።

«በሩን ዝጊው» አለችኝ። ድምጿ በዚያ ጊዜ ከብዷል፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ዕቃ ነው የምታነሳው። «አልቻልኩም። ይህንንም አልቻልኩም።»

«ልንገረው?»

«አትነግሪውም! ከነገርሽው ይቆማል። ከቆመ ደግሞ ከእኔ በፊት የሚሞተው እሱ ነው።» ትንሽ አረፈች። «ጣውንቴ ስትነሳ አንቺ ነይ። ቶሎ ቶሎ አብዪኝና ሳህኑን እዚያው ተዪው።»

በሰው እጅ አልበላም ያለችው ሴት ለእሱ ብላ አፏን ከፈተችልኝ። እኔም ገባሁበት። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን አባቴ ሾርባውን ራሱ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ክንዷን ያስርላታል፣ «ተረጋግተሽ ብዪ፣ እኔ የጀመርኩት አለ» ብሎ ይወጣል። ማሽኗ ትነሳለች። እኔ በጓዳ በኩል ገብቼ ማሰሪያውን እፈታና በተራ የወጥ ቤት ማንኪያ አበላታለሁ፤ ከዚያ መልሼ አስራለሁ። ማሽኗ ስትቆም አባቴ ከዕቃ ቤቱ ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ አንዲት ቃል ይጠይቀኛል።

«በላች?»

«በላች፤ በራሷ እጅ» እላለሁ። አፌን ሞልቼ፣ ያለ ሐፍረት።

እናቴ ሥራ እንዳያልቅበት እንከን ትፈልግለት ነበር። «ትንሽ ከበደኝ» ትለዋለች፤ ክንዱን ይፈታና ይወስዳል፣ በማግስቱ «አቀለልኩልሽ» ብሎ ይመልሳል። «አሁንስ ቀለለኝ» ትላለች። «ወደ ግራ ያዘነብላል መሰለኝ»፤ ይወስዳል፣ ይመልሳል። «ተስተካከለ?» «ልክ መጣ።» እኔ መሀላቸው ቆሜ ይህን ሁሉ ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሽማግሌው ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ቆሞ እየዋለ እግሩ አብጧል፤ እኔ ጫማውን ሳወልቅለት አያለሁ። ለማይረባ ብረት! እሷ ደግሞ በየቀኑ የምትውጠው እየቀነሰ ነው። ሁለቱንም ማዳን አልቻልኩም፤ አንዱን እንኳ ማሳረፍ አልቻልኩም። እየዋለ እያደረ ሐዘኔ ንዴት ሆነብኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ ቤቱን የምጠርገው እኔ ነኝ። ከማሽኗ ሥር ያለው ትሪ ላይ የብረት ፍቅፋቂ ይሞላል፤ የተጠቀለለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እጅ የሚቆርጥ። አንድ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት አልፎ፣ እናቴን አብልቼ፣ መጥረጊያዬን ይዤ ስገባ ማሽኗ ገና እየሠራች ነው። ወደ ትሪው ጎንበስ አልኩ። ባለፈው ቅዳሜ ጠርጌ ስጨርስ ረስቼው የሄድኩት ቢጫ መወልወያ ጨርቅ እዚያው መቁረጫው ሥር ተዘርግቷል። ላዩ ላይ አንዲት ፍቅፋቂ የለችም። ቀና ብዬ ሞርሳውን አየሁ። ባዶ ነው። መቁረጫው ባዶ ሞርሳ ላይ ይሽከረከራል፣ አባቴ መዘውሩን ወደዚህ ያዞራል፣ ወደዚያ ያዞራል። ለእናቴ የብረት ክንድ መጠገኛ ብሎ ያስቀመጠው ብረት መደርደሪያው ላይ ነው፤ አልተነካም።

ይህን ጊዜ ነው ምላሴ ያመለጠኝ። ማሽኗን ለማሸነፍ ጮኬ ነው የጀመርኩት፤ አባቴ ደግሞ ሲያየኝ ደንግጦ አጠፋት። ጩኸቴ ጸጥታው ውስጥ ብቻውን ቀረ።

«ባዶዋን ነው እንዴ ስታሽከረክራት የምትውለው? እኔ ለማን ብዬ ነው በየቀኑ የምዋሸው? እሷ እንደሆነ ባንተ ማንኪያ መብላት ካቆመች ወር ሊሞላት ነው! የማበላት እኔ ነኝ!»

አባቴ ወደ ግድግዳው አየ። ከዚያ ወደ እኔ።

«አውቃለሁ» አለ በሹክሹክታ።

«ምኑን ታውቃለህ?»

«የማሰሪያውን ቆዳ አየሁት። እጅ ያነሳው ቢሆን ቀዳዳው ጋ ይታጠፍ ነበር። አልታጠፈም።» መዘውሩን አልለቀቀም። «ድምፁን ከሰማች ትበላለች። ያልሠራሁ ዕለት አትበላም። ሌላ የምሠራላት ነገር የለኝም፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከግድግዳው ወዲያ ምንም አልተሰማም። ሳልም የለም፣ ጥሪ የለም።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሾርባው ቀረበ፣ ማሽኗ ተነሳች፣ እኔ ማንኪያዬን ይዤ ገባሁ። እናቴ ከንፈሯን ገጠመች።

«እማዬ፣ ስለ እግዚአብሔር።»

«ሂጂ አስቁሚው» አለችኝ።

አስቆምኩት። ከሰዓት በኋላም አልበላችም። በማግስቱም እንዲሁ፤ ከንፈሯን በውሃ ከማርጠብ በቀር። ሐኪሙ የላካት ነርስ መጥታ በአፍንጫ ስለሚገባ ቱቦ ስትነግራት ዓይኗን ጨፍና እስክትጨርስ ጠበቀች፤ ከዚያ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ ጭንቅላቷ ገና ይታዘዛት ነበር። አለቀስኩላት፣ ተቆጣኋት፣ እግሯ ላይ ወደቅኩ። አልተቀየመችኝም፤ ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱ በዝምታ ተስማምተው ያቆሙትን ነገር እኔ በአንድ ጩኸት ናድኩት፤ መልሼ ማቆሚያውን ደግሞ አላውቅም።

አባቴ ዕቃ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ካሊብሮውን ይከፍታል ይዘጋል። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልኩት።

«ምን ልሥራላት?» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ሥራው ማንንም ጠይቆ የማያውቅ ሰው እኔን ጠየቀኝ፤ አንዲት ብሎን ማጥበቅ የማልችለውን። ትከሻውን ያዝኩት፤ ከዚያ ለቀቅኩት።

በሦስተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ማሽኗ አልተነሳችም። አባቴ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መኝታ ቤት ገባ። እኔ ሳህኑን ይዤ ቆሜ ነበር።

«ምን ይዘህ መጣህ?» አለችው እናቴ።

«ምንም።»

«አላለቀም?»

«አልሆነልኝም» አለ አባቴ። «ልኩ አልመጣልኝም።»

ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሰማሁህ እኮ» አለችው። «አየር ስትቆርጥ።»

«መቼ?»

«በየቀኑ።»

አንገቱን ደፋ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንተስ?»

እጁን ወደ እኔ ዘረጋና ሳህኑን ተቀበለኝ። ማንኪያውን አጠለቀ፤ እስከ አፍ ገደፉ ሞላው፤ አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳትጎድል። ወደ አፏ ሲያቀርበው ሾርባው አገጯ ላይ ፈሰሰ። በሸሚዙ እጅጌ ጠረገላት።

«ግማሽ ሙላው» አለችው። «ትርፍ መተው አትማርም አንተ ሰውዬ?»

ግማሽ ሞላው። አፏን ከፈተች። አራት ማንኪያ በላች። እኔ አምስተኛውን ሳላይ ወደ ጓዳ ሄድኩ፤ የሳቅኩትና ያለቀስኩት የቱን ያህል እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ እኔ ከማብላት ሥራዬ ተሰናበትኩ፤ የሚያበላት እሱ ሆነ። ሰባት ሳምንት። አራቱ ማንኪያ ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ ሁለት ሆነ። መጨረሻ ላይ መዋጥ እምቢ አለ። ሾርባው አፏ ውስጥ ገብቶ ይመለሳል፤ ትን ይላታል፤ ፊቷ ይጠቁራል። አባቴ ማንኪያውን ይዞ እንደ ሐውልት ይቆማል። ሐኪሙ መጥቶ አይቷት ሲወጣ በሩ ላይ እጄን ጨበጠኝ።

ሁለት ቀን እንዲህ ከቆየች በኋላ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አባቴ ሳህኑን ይዞ ሲገባ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ አለ። እኔም ጎንበስ አልኩ።

«አስነሳት» ነው ያለችው።

«ማንን?»

«ጣውንቴን።»

አባቴ ፊቱ በራ። ሳህኑን ሰጠኝ፤ «አብዪያት» አለኝና በሩጫ ወጣ፣ በዚያ ባበጠ እግሩ። ማሽኗ ተነሳች። እናቴ ወደ ግድግዳው ዞር አለች፤ እኔ ነኝ ጭንቅላቷን ያዞርኩላት። ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀምጬ እጇን ያዝኩ። አየር እየቆረጠ እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ለእኔ ያው ጩኸት ነው። እሷ ትሰማው ነበር። ትንፋሿ ይሄዳል፣ ይቆያል፣ ይመጣል። ከዚያ ሄዶ ቆየ። ጠበቅኩት። አልመጣም።

ዓይኗን ከደንኩላት። ማሽኗ ትሠራለች።

ተነሥቼ በጓሮ ዞርኩ። የዕቃ ቤቱ በር ክፍት ነው። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ መዘውሩን ቀስ አድርጎ ያዞራል፤ ዓይኑ መቁረጫው ላይ ነው፤ ሞርሳው ባዶ ነው። የእግሬን ድምፅ ሰማ።

«በላች?» አለኝ፣ ዞር ሳይል።

ያ ሞልቶ የሚፈስሰው ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። እጄን ዘርግቼ የማሽኗ ማጥፊያ ላይ አደረግኩ፤ ግን አልተጫንኩትም። መዘውሩ መጨረሻው ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ።